የጣሊያን ነው ብዬ የገዛሁት ጥሩምባ

ከሰው ቤት ወይም ከቆራሌው የወጣ አሮጌ የነሐስ ጥሩምባ እጃችሁ ገብቶ «ይህ ነገር ምንድን ነው? የማን ነበር?» እያላችሁ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ በአንድ ጥሩምባ ስድስት ወር ሙሉ ተሳስቻለሁ። ስህተቱ እኔ ቤት ውስጥ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። ግን ከቤቴ ወጥቶ የአንዲት ሴት አባት ስም ላይ አረፈ። ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ዳር፣ ብረታ ብረት የሚሰበስብ ቆራሌው ዕቃውን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከተጣመመ ድስትና ከመኪና ባትሪ መካከል እንደ በሬ ቀንድ በመጠኑ የጎበጠ፣ አፉ ሰፊ፣ ጭራው ቀጭን የሆነ ነገር አየሁ። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ቢጫ መልክ ብቅ አለ። ወገቡ ላይ ትንሽ ቀለበት አለችው፤ ከቀለበቷም የደረቀ የቆዳ ማንገቻ ተንጠልጥሏል።

«የጣሊያን ነው» አለኝ ቆራሌው። «ከአርበኛ ቤት የወጣ ነው።»

«ከየትኛው አርበኛ ቤት?» ብዬ አልጠየቅሁም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

ያልጠየቅሁበት ምክንያት አለኝ። የታሪክ መምህር ነኝ። አያቴ በእነዚያ አምስት የወረራ ዓመታት ጫካ የከረሙ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ የሚነፋውን የጣሊያን መለከት ከማዶ ሆነው ያዳምጡ እንደነበር ያጫውቱኝ ነበር። «ድምፁ ሲሰማ ዘብ ተለወጠ እንል ነበር» ይሉኛል። ያን ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ ስናፍቅ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ቆራሌው «የጣሊያን» ሲለኝ ልሰማ የፈለግሁትን ነገረኝ፤ እኔም ሳልከራከር 450 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

እባካችሁ፣ አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ከዋጋው በፊት የመጣበትን ቤት ጠይቁ። ሻጩ በዚያው ቀን ያስታውሰዋል፤ በሳምንቱ ይረሳዋል። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ያመጣው ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ አብሮት የመጣ ሌላ ዕቃ እንደነበረ ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። እኔ ነገሩ ሲከፋ ተመልሼ ስሄድ ሰውየው ቦታ ለውጦ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ወዴት እንደሄደ አላወቁም።

ቤት ገብቼ ያደረግሁት ደግሞ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቆዳው ማንገቻ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ሽታም ነበረው። በቢላ ቆርጬ ጣልሁት። ቆዳው ላይ ከሳንቲም የምታንስ ክብ ጠፍጣፋ ብረት ተሰፍታ ነበር። የሆነ ነገር ተቀርጾባታል፤ ጭቃ ስለሞላው ቁጥር ይሁን ፊደል ልለየው አልቻልሁም፣ ለመለየትም አልደከምሁም። ከማንገቻው ጋር ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ሄደች።

ከዚያ እናቴ የነሐስ ሰሃኗን ስታጸዳ እንዳየሁት፣ ሎሚ ቆርጬ አመድ እያስነካሁ ፈተግሁት። አልበቃ ሲለኝ ጥቂት አሸዋ ጨመርሁ። ሌሊቱን ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርሁት። ጠዋት ሳወጣው እንደ አዲስ አበራ፤ ደስ አለኝ። ወደ መስኮት ወስጄ ሳየው ግን ቢጫው ላይ እዚህም እዚያም ሮዝ የሆኑ ነቁጦች ወጥተውበታል። ከሰፊው አፍ ጠርዝ በታች፣ ስገዛው በጣቴ ሲዳሰሰኝ የነበረው የተቀረጸ ጽሑፍም ሊጠፋ ደርሷል።

ነሐስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው። አሲድ፣ የሎሚም ቢሆን፣ ዚንኩን ቀድሞ እየበላ መዳቡን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ያ ሮዝ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሸዋው ደግሞ ማኅተሙን ይልገዋል። ያ ቡናማ ሽፋን እኔ እንዳሰብሁት ቆሻሻ አይደለም። ነሐሱ ከአየርና ከሰው እጅ ጋር ሲኖር በዓመታት የለበሰው ነው፤ እጅ ብዙ የሚያርፍበት ቦታ ሳስቶ፣ ማንገቻ የሚሸፍነው ቦታ ጠቁሮ፣ ዕቃው እንዴት ይያዝ እንደነበር ይናገራል። እኔ ያን ምስክር በአንድ ሌሊት አጠፋሁት።

ማጽዳት ካለባችሁ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ የጥጥ ጨርቅና የልጅ ጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። ከማጽዳታችሁ በፊት ግን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት፤ ፊት ለፊት የማይታየው ስርጉድ በጥላው ይነበባል። ስስ ወረቀት ጣል አድርጎ በእርሳስ ጎን ቀስ እያሉ ማሸትም ይረዳል። ማንገቻ፣ ገመድ፣ ክዳን፣ ውስጡ የተወተፈ ጨርቅ ቢኖር እንኳ አትጣሉ። አብሮት የመጣ ሁሉ የዕቃው አካል ነው።

እኔ እርሳሱን ያነሣሁት ከአሸዋው በኋላ ነው። ሦስት ፊደላት እንደነበሩ ይታያል፤ በወረቀቱ ላይ ደህና አድርጎ የወጣልኝ ግን መካከለኛው ብቻ ነው፤ የላቲኑ ኤፍ። አንድ ፊደል ይዤ ምን ብዬ እንደተረጎምሁት ልንገራችሁ፦ «ፋሺስት»። የታሪክ መምህር ነኝ ብያችኋለሁ። ለተማሪዎቼ «አንድ ምንጭ ይዛችሁ አትፍረዱ» እያልሁ የማስተምር ሰው፣ በአንድ ፊደል ፈረድሁ።

ቀጥሎ ልነፋው ፈለግሁ። መለከት የሚነፋው ከንፈርን አጥብቆ በማርገብገብ መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ ማታ ማታ ከንፈሬ እስኪደነዝዝ ታገልሁ። አየር ብቻ ይወጣል። በኅዳር አንድ ምሽት ግን ሰልችቶኝ ጭራውን ሙሉ በሙሉ አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ከንፈሬን ሳላጠብቅ፣ ባለ በሌለ ትንፋሼ ገፋሁት። ጥጃዋን የተነጠቀች ላም የምታሰማው ዓይነት አንድ ወፍራም ድምፅ ቤቱን ሞላው።

በእኛ ሰፈር በምሽት ጥሩምባ ከተሰማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል። የግቢው በር ሁሉ ተከፈተ። አጎራባቼ የሆኑ አንዲት እናት ያን ሰሞን በጠና ታመው ነበርና፣ ከተማ ወርዳ የነበረችው ልጃቸው ነጠላዋን እየጎተተች ባዶ እግሯን እየሮጠች ደረሰች። እናቷ ደህና መሆናቸውን እስክታይ ድረስ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አይረሳኝም። በማግስቱ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥሩምባ የምትሞክሩ ከሆነ በቀን፣ ከሰፈር ራቅ ብላችሁ፣ ለጎረቤት ነግራችሁ ይሁን። ጨርሶ ከመንፋታችሁ በፊትም ጭራውን አጽዱት፤ አረንጓዴው ዝገት አፍ የሚገባ ነገር አይደለም።

ያ ምሽት ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ እኔ ሳልጠቀምበት ቀረሁ እንጂ። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰፈሩን ሞት ያረዱ ሽማግሌ፣ ማን እንደነፋ ሊያጣሩ በማለዳ መጡ። ጥሩምባውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ጭራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ነፉት፣ ቆም ብለው ከንፈራቸውን አጥብቀው ነፉት፣ አላልተው ደገሙት። ሦስቱም ጊዜ ያው ድምፅ ነው።

«ይህ የከንፈር አይደለም፣ መምህር» አሉኝ። «የእኔው ከንፈሬን ባጠብቅ ይቀጥናል፣ ባላላ ይወፍራል። ይኼ ግን የራሱ ቃል አለው፤ ሌላ አይናገርም። ውስጡ ምላስ ይኖረዋል።»

አመስግኜ ሸኘኋቸው። የሰጡኝ መልስ ሙሉ መልስ ነበር፤ እኔ ግን እሳቸው የዕድር ጥሩምባ እንጂ የጦር መለከት አያውቁም ብዬ በልቤ አለፍሁት። በሙያው ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በእጁ ይዞ የተናገረውን፣ ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል ያየሁ እኔ ናቅሁት።

ያን ጊዜ ማወቅ የነበረብኝን አሁን እናንተ እወቁት። አሮጌ የምልክት ጥሩምባ ሁለት ትልልቅ ወገን አለው። አንደኛው በከንፈር የሚነፋው ነው። የጦር ሠራዊት መለከት ከዚህ ይመደባል፤ ቁልፍ የሌለው ቱቦ ሲሆን ነፊው ከንፈሩን እያጠበቀና እያላላ አምስት ያህል ድምፆች ያወጣበታል፤ «ተነሡ»፣ «ተኙ»፣ «ተሰለፉ» የሚሉት ጥሪዎች ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ድምፆች የተቀመሩ ናቸው። አፍ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ትንሽ ሲኒ ጎድጎድ ያለ ነው። ሁለተኛው ምላስ ያለው ነው፦ ውስጡ ስስ የብረት ቅጠል አለ፣ ትንፋሽ ሲነካው ይርገበገባል፣ ማንም ቢነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። የድሮ መኪናዎች፣ ፊኛ የመሰለ ጎማው በእጅ እየተጨመቀ የሚጮኸው ጥሩምባም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እሱ ግን ጭራው ላይ ጎማው የሚታሰርበት እንጂ አፍ የሚያርፍበት የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን ቁጠሩ። ቀጥሎ ክር አንሡ፤ ከጭራው እስከ ሰፊው አፍ፣ ጥምዝምዙን ተከትላችሁ ለኩት። የተለመደው የጦር መለከት ቱቦው ቢዘረጋ ከ1.3 ሜትር አያንስም፤ የሚጠመዘዘውም ለዚህ ነው። የእኔው 41 ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚህ ርዝመት እነዚያን የጦር ጥሪዎች በከንፈር መንፋት አይቻልም። ክሩ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ስድስት ወር አላነሣሁትም።

ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ነሐስ የሆነ፣ የውጭ የመሰለ ነገር ሁሉ «የጣሊያን» ይባላል። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጎጃምን አቋርጧል፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ስለዚህ እጃችሁ የገባው መለከት የእንግሊዝ ሊሆንም ይችላል። የእንግሊዝ ጦር መለከት ገላው ቀይ መዳብ፣ ጠርዙ ቢጫ ነሐስ፣ ቱቦውም ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ከነበረ የዶሮ እግር የመሰለ ሦስት መስመር ቀስት ይፈለግበታል። ማግኔትም አስጠጉበት፤ ነሐስም መዳብም አይሳቡም፤ ከተሳበ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ለጌጥ ተብለው በእስያ የሚሠሩ አዳዲስ መለከቶችም በአሮጌ ስም ይሸጣሉና፣ ማኅተም ስላለበት ብቻ አትመኑ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሚያዝያ 27 በትምህርት ቤታችን የአርበኞች የድል በዓል ሲከበር ጠረጴዛ አዘጋጀሁ። የበላይ ዘለቀን ፎቶግራፍ አስቀመጥሁ፤ ከፎቶግራፉ ፊት ጥሩምባውን አጋደምሁት። በካርቶን ላይ በትልቁ «በአርበኞች የተማረከ የፋሺስት ጦር መለከት» ብዬ ጻፍሁ። ወላጆች ሁሉ ተጋብዘዋል። ንግግሬን ስጨርስ አንሥቼ አንድ ጊዜ ነፋሁት፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ብድግ ብለው ቆሙ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ከገጠር ለልጅ ልጃቸው ብለው የመጡ ናቸው። ሕዝቡ እስኪወጣ ጠብቀው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጥሩምባውን አልነኩትም። ካርቶኑን የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች።

«መምህር፣ ይህን ከየት አገኙት?»

«ከገበያ ገዛሁት፣ እትዬ።»

«የአባቴ ኮርን ነው» አሉኝ። «ድምፁን ስሰማ አባባ የመጣ መሰለኝ። ቀና ስል የጠላት ነው ተብሎ ተጽፏል። መምህር፣ አባቴ ባንዳ አልነበረም።»

በእኛ አገር ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የጣሊያን ዕቃ ከቤቱ የተገኘ ሰው፣ ወይ ማርኮታል ወይ ተሸልሞታል ይባላል። በዚያች ቅጽበት «ይቅርታ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልሁት ግን «ማስረጃ አለዎት?» ነው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ቤቴ ይምጡ» ብለው፣ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ያለውን የመንደራቸውን ስም ነግረውኝ ሄዱ።

እሑድ ሄድሁ። አማኑኤል ድረስ በመኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር። ጥሩምባውን በነጠላ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ጥሩምባው አንድም ቃል አላነሡም፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ተነሥተው ከሳጥናቸው ፎቶግራፍ አወጡ። ኮፍያ ያደረገ ወጣት ከባቡር ፉርጎ ጎን ቆሟል። ወገቡ ላይ ጥሩምባው ተንጠልጥሏል። ማንገቻውም አለ፤ ማንገቻው ላይ ክቧ ብረት ታበራለች።

አባታቸው በጉርምስናቸው ጎጃምን ለቀው ድሬዳዋ ወርደው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። ሐዲድ ማቀያየር፣ ፉርጎ ከፉርጎ ማያያዝ ነበር ሥራቸው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ነው፤ ኩባንያው የፍራንኮ ኢትዮጵያ፣ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነበር። ፉርጎዎች ሲገፉና ሲያያዙ ከጭራ ያለውን ሠራተኛ ነጂው ከፊት ሆኖ አያየውም፤ በጢስና በጩኸት መካከል የሚሰማው ይህ ጥሩምባ ነው። ፈረንሳዮቹ «ኮርን» ይሉታል፤ ቀንድ ማለት ነው። ቃሉ ከድሬዳዋ ተነሥቶ እዚህች የጤፍ ማሳ ዳር ያለች ቤት ደርሶ፣ ፈረንሳይኛ የማያውቁ ሴት አፍ ላይ ኖሯል። ለዕቃ መለያ ከዚህ የሚበልጥ ማኅተም የት ይገኛል? የቤተሰቡን ሰዎች ዕቃውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠይቁ፤ ስሙን አትለውጡባቸው፣ እንደሰማችሁት ጻፉት።

በ1969 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት ድልድዮች ተመትተው ባቡሩ ሲቆም፣ አባታቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ያመጡት ኮፍያውን፣ ፎቶግራፉንና ኮርኑን ነበር። በ1993 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ከብት ጥበቃ የተሰማሩትን ልጆቻቸውን፣ ትልልቅ ሰዎች ከሆኑም በኋላ፣ በኮርኑ ነበር የሚጠሩት። አንድ ጊዜ ከተነፋ ለሴቷ፣ ሁለት ጊዜ ከተነፋ ለወንድሟ። ከሞቱ ወዲህ በሩ ኋላ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ገበያ በሄዱበት ወንዱ የልጅ ልጃቸው ከተበሳ ድስት ጋር ለሚዞር ብረት ገዢ ሸጠው። ልጁ ስናወራ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ቀና አላደረገም።

«ቁጥሯስ?» አሉኝ ፎቶግራፉ ላይ ክቧን ብረት እያመለከቱ። «የሥራ ቁጥሩ እሷ ላይ ነበረች።»

መጣሌን ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የቆሻሻ ጉድጓዱን ሁለት ቀን በወንፊት አስነፋሁት፤ አልተገኘችም።

ከዚያ ቡና በኋላ ግን አንድ ነገር አሳዩኝ። ጭራውን ያዙና በዝግታ ወደ ግራ አዞሩት፤ ተፈታ። ስድስት ወር እጄ ላይ ሲኖር እንደሚፈታ አላወቅሁም ነበር። ከውስጡ የአውራ ጣት ያህል የነሐስ ቧንቧ ወጣ፤ በጎኑ ጠባብ መስኮት ተቀዷል፣ በመስኮቱ ላይ እንደ ሣር ቅጠል የሳሳ ምላስ በአንድ ጫፉ ተጣብቆ ተኝቷል። ሌላው ጫፍ ከመስኮቱ በፀጉር ያህል ከፍ ብሏል። በዚያች ፀጉር በምታህል ክፍተት ውስጥ ግራጫ ነገር ተጋግሯል፤ አመድ ነው፣ የእኔው አመድ። እነዚያን ሳምንታት ድምፅ የነሳኝም እሱ ኖሯል።

ምላስ ያለው ጥሩምባ ከገጠማችሁ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ምላሱን በጥፍር ወይም በቢላ ቀና ልታደርጉት አትሞክሩ፤ ክፍተቱ ከተለወጠ ወይ ድምፁ ይበላሻል ወይ ጨርሶ ይጠፋል። እኛ ያደረግነው፣ ከደብተር ስስ ወረቀት ቀድደን ከምላሱ ሥር ቀስ አድርገን አስገብተን መሳብ ነው፤ ደጋግመን፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። እሳቸው ያዙ፣ እኔ ሳብሁ።

የፊደሉን ነገር ያጠራሁት በክረምቱ ለገሃር አካባቢ ካገኘኋቸው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነው። የእርሳሱን ወረቀት ገና ሳሳያቸው ሳቁ። የኩባንያው ስም በፈረንሳይኛ ሲያጥር በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ መካከለኛው ኤፍ «ፌር» ለሚለው ቃል ነው። ብረት ማለት ነው፤ የብረት መንገድ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወሬው ሲሰማ ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች አሮጌ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ደውሎ ከገዛሁበት ስምንት እጥፍ ሊሰጠኝ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣላችሁ ቸኩላችሁ አትስማሙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅድም። መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አሳዩ።

ጥሩምባውን የመለስሁት በዚያችው እሑድ ነው። ሴትዮዋ የከፈልሁትን ሊሰጡኝ ገንዘብ ከመቀነታቸው ፈቱ፤ አልተቀበልሁም። ካርቶኑን ግን እፊታቸው ቀደድሁት። በሌላ ወረቀት የአባታቸውን ስም፣ «ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር» የሚለውንና የተመለሱበትን ዓመት ጽፌ፣ ከፎቶግራፉ ጋር ጥሩምባው ከሚሰቀልበት ችንካር ሥር ለጠፍሁ። በቃል የሚታወቅ ነገር በቤቱ ካልተጻፈ ምን እንደሚሆን አይተናልና፣ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው።

ልሄድ ስነሣ እትዬ ኮርኑን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከቤቱ በታች ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ የወንድማቸው ቤት በባሕር ዛፍ መካከል ይታያል። ጭራውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ነፉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት።

መጀመሪያ ውሻ ጮኸ። ከዚያ የማዶው ቤት በር ተከፈተና ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብቅ አለ፤ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደ እኛ አየ።

«መጣሁ!» አለ ከማዶ። «መጣሁ፣ መጣሁ!»